ድሮኖች በሰማይ ላይ እንዳይጋጩ የሚጠብቃቸው ማን ነው?

የመንገደኞች አውሮፕላን ከተነሳበት እስኪያርፍ ድረስ ከምድር ሆነው የሚከታተሉትና በሬዲዮ የሚያነጋግሩት ተቆጣጣሪዎች አሉት። አብዛኛውን ጊዜ ከ120 ሜትር ከፍታ በታች የሚበሩት ድሮኖች ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም። ለእያንዳንዳቸው ተቆጣጣሪ መመደብም የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ግጭትን የመከላከሉ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው ድሮኑ ገና ከመሬት ሳይነሳ ነው።

በአሜሪካዋ ዳላስ ከተማ ዙሪያ ያለው አሠራር ይህንን በግልጽ ያሳያል። የአገሪቱ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2024፣ ዊንግ እና ዚፕላይን የተባሉ ዕቃ አድራሽ ኩባንያዎች ድሮኖቻቸውን በዓይን የሚከታተል ሰው ሳያቆሙ በአንድ የአየር ክልል እንዲያበሩ ፈቀደላቸው። ኩባንያዎቹ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ የበረራ ዕቅዳቸውን ግን በኮምፒውተር ሥርዓት ይለዋወጣሉ። ዕቅዱ ድሮኑ የትኛውን የሰማይ ክፍል፣ በምን ከፍታ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ይገልጻል። የሁለቱ ዕቅድ ከተደራረበ አንዱ መንገዱን ይቀይራል፤ አለዚያም መነሻ ሰዓቱን ያዘገያል። ለዚህ የደንበኛውን ማንነትም ሆነ ያዘዘውን ዕቃ ለተፎካካሪ መግለጽ አያስፈልግም።

የአውሮፓ ኅብረትም ‹ዩ-ስፔስ› ለተሰኘው ተመሳሳይ ሥርዓት ያወጣው ደንብ ከጥር 2023 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል።

ችግሩ ሥርዓቱ የሚያውቀው ዕቅዱን ያሳወቀውን ብቻ መሆኑ ነው። በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ በሰደድ እሳት ስትነድ፣ የአየር ክልሉ ለድሮኖች ተዘግቶ ሳለ፣ አንድ ግለሰብ እሳቱ ያደረሰውን ጉዳት ለማየት ያበረረው ድሮን ውሃ ከሚረጭ የካናዳ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ክንፉን ቀደደው። አውሮፕላኑ በሰላም ቢያርፍም፣ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ለጥገና ከሥራ ውጭ ሆነ። ግለሰቡ በኋላ ጥፋተኛነቱን አምኗል።

በአሜሪካ የተመዘገቡ ድሮኖች እየበረሩ ማንነታቸውንና ያሉበትን ቦታ የሚገልጽ ምልክት እንዲያሰራጩ ይገደዳሉ። ምልክቱ እንደ መኪና ታርጋ ነው፦ አጥፊውን ለማግኘት ይረዳል፤ ግጭቱን ግን በራሱ አያስቀርም።

አሁን የሚያከራክረው የቅድሚያ ጉዳይ ነው። እስከ ዛሬ ድሮን ሰው ለጫነ አውሮፕላን ሁሉ መንገድ ይለቃል። በነሐሴ 2025 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ረቂቅ ደንብ ግን፣ ያለበትን ቦታ በኤሌክትሮኒክ ምልክት የማያሳውቅ አውሮፕላን በብዙ ሁኔታዎች ለድሮን ቅድሚያ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቧል። የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪዎች ማኅበራት ይህንን ተቃውመዋል፤ አብራሪ ከርቀት ሊያየው የማይችለውን ትንሽ ነገር እንዴት ይሸሸዋል ሲሉ ይጠይቃሉ።