ርካሹ መንግሥትና ከባዱ መንግሥት
ስለ ጂንካና ስለ ደቡብ ኦሞ አስተዳደር ታሪክ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

የአገር መንግሥት ምን ያህል ሰፊ ሊሆን ይገባዋል? ሥራውስ እስከ የት ይደርሳል? ይህ ጥያቄ በተማሪዎች ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ ይነሣል። አንደኛው ወገን «መንግሥት ወሰን ይጠብቅ፣ ዳኝነት ይስጥ፣ የቀረውን ለሕዝቡ ይተውለት» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ድኻ አገር ያለ ብርቱ መንግሥት መንገድም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሐኪም ቤትም አያገኝም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ማስረጃቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ታሪክ ነው። ለዚህ ክርክር የሚጠቅም ማስረጃ ግን በአገራችን ደቡባዊ ዳርቻ በብዛት ይገኛል። በደቡብ ኦሞ የማዕከላዊው መንግሥት ታሪክ ከመቶ ሠላሳ ዓመት አይበልጥም፤ ስለዚህ መንግሥት በምን ምክንያት እንደ መጣ፣ በምን እንደ ኖረና ምን እንደ ሠራ ደረጃ በደረጃ ለመከታተል ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የመንግሥት ክብደት በሹማምንቱ ቍጥርና በበጀቱ ብዛት ብቻ አይመዘንም። በጂንካ ዙሪያ ባለው አገር ላይ ከሁሉ ይልቅ የከበደው መንግሥት ለግምጃ ቤቱ ከሁሉ ይልቅ ርካሽ የነበረው መንግሥት ነው።

ሀ. የቀድሞው አስተዳደር

በደቡብ ኦሞ አሥራ ስድስት ያህል ብሔረሰቦች እንደሚኖሩ በተለምዶ ይነገራል። በደጋው ያሉት አሪዎች በእርሻ የሚተዳደሩ ሲሆኑ በልዩ ልዩ ግዛቶች ተከፋፍለው እያንዳንዱ ግዛት ባቢ የሚባል አለቃ ነበረው። ሐመሮች ቢታ የሚሏቸው ባለ ሥርዐቶች አሏቸው። በሙርሲ ዘንድ ኮሞሩ የሚባለው ሰው ለሕዝቡ የሚጸልይና የሚመርቅ ነው እንጂ የሚያዝዝ ሹም አይደለም። በዳሰነችና በንያንጋቶም ደግሞ ሥልጣን የሚተላለፈው በትውልድ ተራ ነው። ከብቱ የት ይሰማራ፣ የኦሞ ጎርፍ ከሸሸ በኋላ እርጥቡን መሬት ማን ይዝራ፣ የደም ካሣ ስንት ይሁን የሚለውን ጕዳይ ሁሉ የሚቈርጡት በዚያው ቦታ የሚኖሩት ሰዎች ነበሩ።

ይህን ስንል የጥንቱን ኑሮ ያለ ልክ ለማመስገን አይደለም። በአንድ ሕዝብ ውስጥ የተነሣውን ጠብ ሽማግሌዎች ሊያበርዱት ይችሉ ነበር፤ በሁለት ሕዝቦች መካከል የተነሣውን ጦርነት ግን በዕርቅ ሥርዐት ለጊዜው ከማስቆም በቀር ከሁለቱም በላይ ሆኖ የሚፈርድ ዳኛ አልነበረም። ስለዚህ «መንግሥት ለምን ያስፈልጋል?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እዚሁ ይገኛል።

ለ. ወሰን ጠባቂው መንግሥት

ይሁን እንጂ መንግሥት ወደ ኦሞ የወረደው ይህን ጕድለት ለመሙላት አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን ሲያመለክቱ ዛሬ ቱርካና የሚባለውን ሐይቅ ጠቅሰዋል። እንግሊዞች ከደቡብ እየቀረቡ ስለ ነበር ወሰኑ በወረቀት ብቻ ሊጠበቅ አልቻለም። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ከያዙ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን እየመሩ እስከዚሁ ሐይቅ ደረሱ፤ አብሯቸው የነበረው የመስኮብ መኰንን ቡላቶቪች የጕዞውን ታሪክ ጽፎታል። በኅዳር 1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ የወሰን ውል ተፈረመ። እንግዲህ የማዕከላዊው መንግሥት የመጀመሪያ ሥራ በዚህ አገር ወሰን መያዝ ብቻ ነበር። በዛሬው ክርክር «መንግሥት ከዚህ በላይ አይሥራ» የሚሉት ሰዎች የሚመኙት ዐይነት ጠባብ መንግሥት ነበር ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ወሰን ጠባቂ ወታደር መብላት አለበት። ግምጃ ቤቱ ደመወዝ ሊከፍለው ስለማይችል ሰው ተሰጠው። በባኮ የከተመው ጦር በአሪ ደጋ ላይ ሲሰፍር ለእያንዳንዱ ወታደር እንደ ማዕርጉ ገባሮች ተመደቡለት። ገባሩ እህልና ማር ያገባል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። ዳኝነቱም ከዚሁ አልተለየም። ሌባ ሻይ የሚባለው ሥርዐት ከሰፋሪዎቹ ጋራ ገባ፤ ይኸውም መድኀኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ንብረት እንዲከፍል የሚፈረድበት ነበር። ከዚህ ሁሉ የከፋው የባሪያ ንግድ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ገብታ በዚያው ዓመት የባሪያን ንግድ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥታ ሳለ፣ በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ዐዋጁን የሚያስፈጽም ኀይል ስላልነበረ ሰው መሸጡ ቀጠለ።

በዚህ ላይ «ጥፋቱ የክፉ ሹሞች ነው እንጂ የሥርዐቱ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በሰፋሪዎቹ መካከል ርኅሩኅ ሰው አልነበረም ለማለት አይቻልም። ዳሩ ግን ርኅሩኁም ወታደር ቢሆን የሚበላው ከገባሩ ጎተራ ነበር። ደመወዝ የሌለው ሹም ልኩን የሚያውቀው በሕሊናው ብቻ ነው፤ ሕሊና ደግሞ በደብተር ተጽፎ ሊመረመር አይችልም።

ይህን ነገር ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አስቀድሞ ተረድቶት ነበር። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ የመንግሥቱ ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ እንዲለይና ግብር በልክ ተወስኖ እንዲከፈል አሳስቧል። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉም ስለ አገር ሀብትና ስለ አስተዳደር በሰፊው ጽፏል። ገብረ ሕይወት ስለ ጂንካ አልጻፈም፤ የአሪ ገባር ኑሮ ግን የአሳቡን እውነትነት ይመሰክራል።

ሐ. ባለ ደመወዙ መንግሥት

የገባሩ ሥርዐት በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ የተመለሰው መንግሥት እንደ ቀድሞው አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለች፤ ሹማምንቱም ደመወዝተኞች ሆኑ። በዚያው ዓመት ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ ተሻረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ ገባሩ ይሰጠው የነበረውን የጕልበት አገልግሎት አስቀርቶ ግብሩ በገንዘብ እንዲከፈል አደረገ። የኦሞ አገር በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ተባለ፤ ባኮም ለጂንካ ቦታዋን ለቀቀች።

በቍጥር ስንመለከተው ይህ መንግሥት ከፊተኛው የሰፋ ነበር፤ ጸሓፊ፣ ፖሊስ፣ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥና አስተማሪ አለው። ለአሪ ገበሬ ግን ከፊተኛው ቀለለ፤ ከሹሙ ጋራ የሚያገናኘው ጎተራው መሆኑ ቀርቶ ደረሰኝ ሆነ። መሬቱ ግን በባለ ርስቶችና በባላባቶች እጅ እንደ ነበረ ስለ ቀረ ጭሰኛው ሸክሙን በሌላ ስም መሸከሙ አልቀረም።

የገንዘቡ ጕዳይ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ግብር በመሬት ላይ ተጨመረ። የአውራጃው ሕዝብ ግብሩን ሲከፍል ገንዘቡ በምን ላይ እንዲውል የሚወስነው ማን ነው? መንግሥት ራሱ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሞከረው በመጋቢት 1958 ዓ.ም. ባወጣው የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ቍጥር 43 ነው። በዚህ ትእዛዝ መሠረት ሕዝብ የመረጠው የአውራጃ ምክር ቤት መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን የመሳሰለውን የአካባቢውን ሥራ እንዲመራ ታስቦ ነበር። ሥልጣኑን የሚሰጠው ትእዛዝ ወጣ፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ሕግ ግን በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። ያለ ገንዘብ የሚቋቋም ምክር ቤት ከስም በቀር ሥራ ስለማይኖረው ትእዛዙም በወረቀት ላይ ቀረ። በእኔ አስተያየት በዘመናዊው የኢትዮጵያ አስተዳደር ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስቈጭ ያመለጠ ዕድል ጥቂት ነው፤ ጭሰኛው ባልተፈታ የመሬት ጥያቄ ሳለ ምክር ቤቱ በባላባቶች እጅ ይወድቅ ነበር የሚለው ሥጋት ግን ችላ የሚባል አይደለም።

መ. ብርቱው መንግሥት

የመሬቱን ጥያቄ የፈታው የሰፊው መንግሥት ክንድ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን አጠፋ፤ ዘላኖችም በልማድ በሚሰማሩበት መሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደነገገ። ሦስት ትውልድ ሲያማርርበት የኖረው ሸክም በአንድ ዐዋጅ ወረደ። «መንግሥት ጠባብ ይሁን» የሚለው ወገን ለዚህ ማስረጃ ተገቢውን ክብደት ሊሰጠው ይገባል፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች ብቻቸውን ይህን ሊያደርጉት አይችሉም ነበርና።

ነገር ግን ያው ክንድ የጠቀመውንና የጐዳውን ሳይለይ ይጠርግ ነበር። በማሌ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችና ከእነርሱ ጋራ የተባበሩ የአገሩ ልጆች ከጭሰኝነቱ ጋራ የቀድሞውንም የአለቆች ሥልጣን ሻሩ። በቦታው የገባው የገበሬ ማኅበር ውሎ ሳያድር የኮታና የምልመላ መሣሪያ ሆነ።

የብርቱው መንግሥት ብርታት የት እንደ ነበረም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ጦር ሠራዊት በአፍሪካ ካሉት ታላላቅ ሠራዊቶች አንዱ ነበር። በየካቲት 1979 ዓ.ም. ግን በአዲስ ጠመንጃ የታጠቁ ንያንጋቶሞች በደቡብ ሙርሲዎች ላይ ባደረጉት አደጋ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሲያልቁ፣ በዚያ ቦታ የተገኘ የመንግሥት ጠባቂ አልነበረም። ወሰን ለመያዝ የመጣው መንግሥት ዘጠና ዓመት ያህል ቈይቶም በሁለት ጎረቤቶች መካከል ዳኛ ሊሆን አልቻለም። አንድ መንግሥት በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሰፊና ከልክ በላይ ጠባብ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሠ. የቀረበው መንግሥትና ወንዙ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን በፌዴራልና በክልል መካከል ከፈለ። በአንቀጽ 61 መሠረት ትንሹም ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል አለው። ከ1994 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደቡብ ክልል ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መሰጠት ተጀመረ፤ በ1958 ዓ.ም. ለአውራጃው የተነፈገው ነገር በከፊል ለወረዳው ተሰጠ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም ተመሠረተ። ከጨንቻና ከአርባ ምንጭ ትእዛዝ ይጠበቅ የነበረበትን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው መንግሥት በእውነት ቀርቧል።

ሆኖም ታላቁ ጕዳይ የተወሰነው እንደ ቀድሞው በሩቅ ነው። ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በታችኛው ኦሞ ሊቋቋም የታሰበውን ታላቅ የሸንኮራ አገዳ ልማት ይፋ አደረጉ፤ ይህም ከ100,000 ሄክታር በላይ መሬት የሚያለማ ዕቅድ ነበር። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ደግሞ የኦሞን ፍሰት ለወጠው። ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካሮና ዳሰነች ማሽላቸውን የሚዘሩት ዓመታዊው ጎርፍ ከሸሸ በኋላ በሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ነበር፤ ጎርፉ ሲቀር ያ እርሻ አብሮ ቀረ። አገሪቱ መብራትና ስኳር እንደሚያስፈልጋት የሚክድ የለም። ግን አንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከመሬቱ እንዳይፈናቀል፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝብ በሚነካው ልማት ላይ አሳቡን እንዲጠየቅ ይደነግጋል። ጎርፉን ሲጠብቅ ለኖረው ገበሬ ዜናው የደረሰው ከተወሰነ በኋላ ነው። እንደ 1958 ዓ.ም. ትእዛዝ ሁሉ ይህም ሕግ ከወረቀቱ ወደ ወንዙ ዳር ሳይወርድ ቀረ።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት «መንግሥት ይስፋ» ወይም «መንግሥት ይጥበብ» የሚል አይደለም። ስለ አንድ መንግሥት ልክ ስንከራከር ሦስት ነገሮችን አስቀድመን ብንጠይቅ የተሻለ ይሆናል። አንደኛ፣ ሹሙ የሚኖረው በምንድር ነው? በደመወዝ ነው ወይስ በሕዝቡ ጎተራ? ሁለተኛ፣ በአካባቢው የሚሰበሰበውና ለአካባቢው የሚመደበው ገንዘብ መክፈቻው በማን እጅ ነው? ሦስተኛ፣ ሰፊ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሥራው የሚነካው ሕዝብ ተጠይቋል ወይ? በደቡብ ኦሞ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ግማሽ ምዕት ዓመት ፈጀ፤ ሁለተኛው በከፊል ተመለሰ፤ ሦስተኛው ገና ነው።

በዚህ ጕዳይ ጥናት የሚያደርጉ ባልደረቦቼ የዐዋጆችን ቃል ብቻ በማንበብ እንዳይወሰኑ አሳስባለሁ። ዐዋጁ የት ድረስ እንደ ደረሰ የሚያውቁት በወንዙ ዳር የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ ሰዎች ናቸው፤ የእነርሱም ቃል እንደ ነጋሪት ጋዜጣ ሁሉ ተመዝግቦ መቀመጥ ይገባዋል።