መጽሐፉ ታትሟል፤ ማን ይሽጠው?

በራሳቸው ወጪ ለሚያሳትሙ ደራስያን፣ ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር አቅጣጫ

በአገራችን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ሥራው የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ሲያሳርፍ አያበቃም። የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነው፤ የፊደል ግድፈት የሚለቅመው እሱ ነው፤ የታተመውን ካርቶን ጭኖ ቤቱ የሚያስገባውም እሱ ነው። የማስተዋወቁና የመሸጡ ጣጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። የኪሱን ገንዘብ፣ አንዳንዴም ከዕቁብ የወጣውን ወይም ከዘመድ የተበደረውን ያፈሰሰ መምህር ወይም ጡረተኛ፣ መጽሐፉ ካልተሸጠለት የሚቀርለት አልጋ ሥር የተደረደረ ካርቶን ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በደርግ ዘመን የመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የደራሲውን ረቂቅ ተቀብሎ ያሳትምና ያከፋፍል ነበር። ሳንሱሩን የሚናፍቅ ያለ አይመስለንም፤ በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን “ኦሮማይ” ያሳተመውም፣ መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ ያየውም ይኸው ድርጅት ነው። የሆነ ሆኖ ደራሲው ስለ ካርቶን አይጨነቅም ነበር። የኩራዝ ዘመን ካለፈ ወዲህ ጥቂት የግል አሳታሚዎች ቢኖሩም፣ አብዛኛው ጸሐፊ በራሱ ወጪ ያሳትማል። (ዘመኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጽሑፍ ነገሩን ከሰሜን ሸዋ አንፃር ይመለከተዋል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማተሚያ ቤቱም፣ አከፋፋዩም፣ የመጽሐፍ ገጽ ያላቸው ጋዜጦችም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ታዲያ የአካባቢውን ታሪክ ወይም ልቦለድ ጽፎ ደብረ ብርሃን የተቀመጠ ሰው ምን ያድርግ?

የመርሐቤቴው ምሳሌ

በራስ ማሳተምና በራስ ማስተዋወቅ ለሰሜን ሸዋ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። “ጎሐ ጽባሕ” የተባለ የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው። በ1924 ዓ.ም. የወጣው “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” እና በ1925 ዓ.ም. የወጣው “አዲስ ዓለም” የታተሙት እዚያ ነው። ጸሐፊም፣ አታሚም፣ አሳታሚም አንድ ሰው ነበሩ ማለት ነው። እርግጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው፤ የዛሬው ደራሲ ይህ በር የለውም።

ከእሳቸው የሚወሰደው ግን ሥልጣናቸው ሳይሆን ሁለት ሥራቸው ነው። የመጀመሪያው በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ በኢትዮጵያ የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ካታሎግ ነው፤ በ1920 ዓ.ም. እንደገና ወጥቷል። ገዥ የማያውቀውን መጽሐፍ አይጠይቅም፤ ሻጭም ያልተጠየቀውን አያስመጣም። በዓመቱ ምን ምን እንደታተመ አንድ የክፍለ ሀገር መጻሕፍት ሻጭ ዝርዝር ይዞ የሚያዝበት ልማድ ዛሬም አለመዳበሩ ያስገርማል።

ሁለተኛው በ1915 ዓ.ም. ያወጡት “የሕይወት ታሪክ” ነው። የአገሪቱን ታላላቅ ሰዎች ታሪክ በየስማቸው ያቀረበ መጽሐፍ ነው። አባቱ ወይም አያቱ በመጽሐፍ ውስጥ የተጠቀሱለት ሰው ያንን መጽሐፍ ይፈልገዋል፤ አንድ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹም ጨምሮ ይገዛል። የአንኮበርን፣ የመንዝን ወይም የቡልጋን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ልብ የማይሉት ይህን ነው። ከመጽሐፉ ጀርባ የስም መዘርዝር (ማውጫ) ማስገባት የምሁር ቅንጦት ይመስላቸዋል። በሱቅ መጽሐፍ አንሥቶ የሚያገላብጥ ሰው ግን የዘመዱን ስም የሚፈልገው እዚያ ነው። ጥቂት ገጾች ይጨምራል፤ ዋጋውን ግን ይመልሳል።

አንኮበር ራሷ ከታተመ መጽሐፍ ጋር የተዋወቀችው ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። በ1831 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ሲገባ፣ ለንደን ላይ የታተሙ ቅዱሳት መጻሕፍትን ይዞ ነበር የሚያድለው። ትርጉሙን ቀደም ብሎ ካይሮ ላይ የሠራው አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ነው። ስርጭቱ ግን በእጅ፣ ከሰው ወደ ሰው ነበር። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ አልፎም በዚያ ደጋ መጽሐፍ በዋናነት የሚጓዘው እንደዚያው ነው።

ሒሳቡን አስቀድሞ

በብዕር ብቻ ስለመኖር ሲነሳ የአቤ ጉበኛ ስም ይጠቀሳል። የመንግሥት ሥራውን ትቶ በመጻፍ ለመተዳደር የደፈረ ሰው ነበር፤ “አልወለድም” በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ሲታገድ የተጎዳውም ያው የደራሲው ኪስ ነው። ዛሬ ቅድመ ምርመራ የለም፤ ኪስ የሚያራቁተው ሳንሱሩ ሳይሆን ሒሳብ ሳይሠሩ ማተሚያ ቤት መግባት ነው።

እንዲህ እንመልከተው። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ሰው 1,000 ቅጂ አሳትሞ ለእያንዳንዱ 180 ብር ቢከፍል ወጪው 180,000 ብር ነው። የሽፋን ዋጋውን 400 ብር አደረገው እንበል። አከፋፋዩና ሱቁ ተካፍለው 35 በመቶ ቢወስዱ፣ ለደራሲው ከአንዱ መጽሐፍ የሚመለሰው 260 ብር ነው። ስለዚህ ያወጣውን ለመመለስ ብቻ 693 መጻሕፍት መሸጥ አለባቸው። ራሱ በእጁ ቢሸጥ ግን 450 ይበቁታል። ለምረቃ ሥነ ሥርዓት 30,000 ብር ካወጣ 693ቱ ወደ 808 ከፍ ይላል። 100 ቅጂ ለወዳጅ ዘመድ በነፃ ካደለ ደግሞ ትርፍ የሚያመጡለት የቀሩት 92 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በሱቅ ቢሸጡ 23,920 ብር። ሁለትና ሦስት ዓመት ለፈጀ ሥራ!

ወረቀትና ቀለም በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገቡ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሒሳቡ ይበልጥ ጠብቋል። ብዙ ቅጂ በታተመ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል የሚለው የማተሚያ ቤቶች ምክር እውነት ነው፤ የሚጠቅመው ግን የተሸጠ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉን ለሚያወጣ ሰው 3,000 ርካሽ ቅጂ ከማቆር 500 ወይም 1,000 ወደድ ያለ ቅጂ ይሻለዋል እንላለን። ካለቀ ሁለተኛ እትም ማውጣት ይቻላል፤ “ሁለተኛ እትም” የሚለው ጽሑፍ በሽፋን ላይ መኖሩ ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ምረቃው

የመጽሐፍ ምረቃ አሁን እንደ ሠርግ እየሆነ መጥቷል። አዳራሽ፣ የክብር እንግዳ፣ የመሰንቆ ጨዋታ፣ ዳሰሳ የሚያቀርብ ምሁር፣ ሻይና ኬክ። እንግዶቹ የሚመጡት ደራሲውን ለማክበር ነው፤ ብዙዎቹ መጽሐፉን በነፃ ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ልማድ መቅረት አለበት አንልም፤ ዳሰሳው በጋዜጣና በሬዲዮ የሚወራበት ጉዳይ ይፈጥራልና። መጽሐፉ ግን በር ላይ ይሸጥ። ለክብር እንግዳው አንድ ቅጂ በፊርማ ከተሰጠ ይበቃል።

ቦታውም ይታሰብበት። ስለ አንኮበር የተጻፈ መጽሐፍ አዲስ አበባ ወመዘክር አዳራሽ ተመርቆ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ተቃራኒው የተሻለ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ የመምህራን ኮሌጁና እንደ ኃይለ ማርያም ማሞ ያሉ ነባር ትምህርት ቤቶችም አሉ። የሥነ ጽሑፍና የታሪክ መምህራን መጽሐፉን አንብበው ቢወያዩበት፣ ተማሪዎቻቸው ይጠይቁታል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ይገዛል። አዲስ አበባ ያለው የአካባቢው ተወላጅ ደግሞ በዕድርና በማኅበር የተሰባሰበ ገዥ ስለሆነ፣ ሁለተኛው መርሐ ግብር ለእሱ ይሁን።

ስለ ጀርባ ሽፋን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የታወቁ ሰዎች አስተያየት እዚያ መደርደር ተለምዷል። አንዳንዱ አስተያየት ሰጪው መጽሐፉን እንዳላነበበው ከሩቅ ያስታውቃል። ሦስት ዝነኛ ስም ከሚደረደር፣ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ በአምስት መስመር ቢነገር ገዥው ይወስናል።

አከፋፋይ፣ አዟሪ፣ ንግሥ

ከአከፋፋይና ከመደብር ጋር ያለው አሠራር በአብዛኛው በአደራ ነው፤ መጽሐፉን ይወስዳሉ፣ ሲሸጥ ይከፍላሉ። ደራስያን አዘውትረው የሚያማርሩት እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን የአከፋፋዩ ብቻ አይደለም። ስንት ቅጂ፣ በስንት በመቶ፣ ሒሳብ የሚዘጋው በየስንት ወሩ፣ ያልተሸጠው መቼ ይመለሳል የሚለው በወረቀት ካልሰፈረ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁለቱም የሚያስታውሱት የተለያየ ነው። ለአንድ አከፋፋይ 800 ከመስጠት ለብዙ ሱቆች ሃያ ሃያ ሰጥቶ እየዞሩ ማየት ያደክማል፤ አደጋውን ግን ይበትናል።

አዟሪዎችን የሚንቅ ደራሲ ይሳሳታል። መጻሕፍት በክንዱ ላይ ቆልሎ ካፌ ለካፌ የሚዞረው ልጅ የትኛው ሽፋን ዓይን እንደሚይዝ፣ የትኛው ርዕስ እንደሚጠየቅ ከማንም የበለጠ ያውቃል። ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት ንድፉን ለሁለት ሦስት አዟሪዎች ማሳየት ምንም አያስወጣም።

ሰሜን ሸዋ ያላት ሌላው ዕድል ተጓዥ ነው። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ በንግሥ ሰሞን ከአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ በአውቶቡስ ይጎርፍባቸዋል። የዓለማየሁ ዋሴ “እመጓ” በ2007 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙ አንባቢ ያገኘ መጽሐፍ ነው፤ ርዕሱ መንዝ ውስጥ ያለ ቦታ ስም ነው። ከዚያ በፊት ስሙን ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ሰው ቦታውን ያወቀው ከመጽሐፉ ነው። ቦታ መጽሐፍን ይሸጣል፤ መጽሐፍም ቦታን። አንኮበር ደግሞ የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት ፍራሽ ለማየት የሚመጣ የአገር ውስጥና የውጭ ጎብኚ አላት፤ በስሟ የተጠራችውን ወፍ ፍለጋ የሚመጣም አለ። ስለ አካባቢው የተጻፈ መጽሐፍ በሎጅ መቀበያ ላይ አሥር ቅጂ ቢቀመጥ፣ ጥቂት ገጽ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያም ቢኖረው፣ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ከመቶ መጻሕፍት መካከል ከሚሰወር የተሻለ ይታያል።

ሬዲዮና ቴሌግራም

ሬዲዮ ለአማርኛ መጽሐፍ የዋለውን ውለታ የሚያህል የለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተላለፍ፣ መጽሐፉን ገዝቶ የማያውቅ ሕዝብ ሁሉ ሰማው። ተተርኮ ካለቀ ማን ይገዛዋል የሚል ስጋት አለ፤ የዚህ መጽሐፍ ተደጋግሞ መታተም ግን ስጋቱን አያረጋግጥም። የኤፍ ኤም አዘጋጆች ዘንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ መሄድ በቂ አይደለም። ለንባብ የሚመች፣ በራሱ የሚቆም የአሥር ደቂቃ ምዕራፍ ተመርጦ ምልክት ቢደረግበት፣ ሥራ የበዛበት አዘጋጅ ያመሰግናል።

ቴሌግራምና ፌስቡክ አሁን ዋነኛ የማስታወቂያ ሜዳዎች ናቸው፤ ምዕራፍ ቀንጭቦ መልቀቅና ትእዛዝ መቀበል ርካሽ ነው። ሁለት እንከን ግን አላቸው። አንደኛው፣ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ገዥውን ሁሉ በስልክ ብቻ የያዘ ደራሲ ያን ጊዜ እጁ ተሳሰረ። የገዥዎችን ስምና ስልክ በደብተር መያዝ ያረጀ ዘዴ አይደለም። ሁለተኛው፣ መጽሐፉ በስካን ተነሥቶ በዚያው በቴሌግራም በነፃ መሰራጨቱ ነው።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ የደራሲውን መብት ይጠብቃል፤ የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የጸና ነው። መብቱ የሚወለደው ሥራው ሲፈጠር እንጂ ሲመዘገብ አይደለም። በክርክር ጊዜ ግን ማስረጃ የያዘ ይረታል፤ ስለዚህ በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ማስመዝገብና የረቂቁን ቅጂዎች ከነቀናቸው ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከማተም በፊት ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ዓለም አቀፉን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር መውሰድም አይዘንጋ። የኢትዮጵያው ከ978 ቀጥሎ 99944 የሚለውን ይዞ የሚጀምር ነው። ከታተመ በኋላ ለዚያው ተቋም ቅጂ ማስረከብ የሕግ ግዴታ ነው፤ ደራሲው ካርቶኖቹን ሁሉ ሸጦ ቢጨርስ እንኳ፣ የደብረ ብርሃን ተመራማሪ ከሃምሳ ዓመት በኋላ መጽሐፉን ፈልጎ የሚሄደው ወደዚያ ነው።