የጠፋችው «ለ»

ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ ያቺን ሦስት ማዕዘን ያውቃታል። አናቷ ላይ ቮልቴጅ፣ ከሥር ግራና ቀኝ ከረንትና ሬዚስታንስ። የምትፈልጉትን በጣታችሁ ትሸፍናላችሁ፣ የቀረው መልሱን ይነግራችኋል። 12 ቮልት ለ3 አምፒር ሲካፈል 4 ኦም፤ 12 በ3 ሲባዛ 36 ዋት። በቃ፣ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ! ኢንጂነሪንግ በተማርኩባቸው ዓመታት ይቺ ቀመር መጀመሪያ ስትጻፍ ሌላ መልክ እንደነበራት የነገረን አስተማሪ ግን አልነበረም። አንድ ፊደል ጎድሏታል።

ጌኦርግ ሲሞን ኦም በ1789 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን፣ ኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ በራሱ ጥረት ተምሮ ልጆቹን ሒሳብ ያስተማረ ቁልፍ ሠሪ። ልጁ አድጎ ኮሎኝ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ እያስተማረ ሳለ ከትምህርት ቤቱ የሙከራ ዕቃዎች ጋር ያመሽ ጀመር። ጥያቄው አጭር ናት፦ ሽቦው ሲረዝም ኤሌክትሪኩ በምን ያህል ይዳከማል?

ልብ በሉ፣ ያኔ ቮልት የሚባል መለኪያ የለም። አምፒርም የለም። ኦምማ ጭራሽ! ሰውየው የነበረው ሽቦ፣ የሽቦው ርዝመት፣ እና ኤሌክትሪክ በአጠገቡ ሲያልፍ የሚዞር የማግኔት መርፌ ብቻ ነው። መርፌው በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ኦም ማንጠልጠያውን እየጠመዘዘ መርፌውን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ስንት እንደጠመዘዘም ይመዘግባል።

በ1825 ያሳተመው የመጀመሪያ ቀመር ሎጋሪዝም ያለበት ነበር፣ ስህተትም ነበር። የዘመኑ ባትሪ ገና እየለኩት ይደክማል፤ ስለዚህ መርፌው የሚያሳየው ሽቦውን ይሁን የባትሪውን ድካም መለየት አይቻልም። ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ይህ የታወቀ መከራ ነው፤ ፕሮግራሙ ደህና ሆኖ የሚንገዳገደው ሰርቨሩ ይሆናል።

ያሳተመበት መጽሔት አዘጋጅ ፖገንዶርፍ ሌላ ምንጭ እንዲሞክር መከረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዜቤክ የተባለ ሰው ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተገጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አይቶ ነበር። ኦም ቢስመዝና መዳብ ገጠመ፤ አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ያዘው። ይህ ምንጭ ከባትሪው እጅግ ደካማ ነው፤ ግን ውሃው እስከፈላ፣ በረዶውም እስካለ ድረስ አይዋዥቅም። ለእኔ የሰውየው ትልቁ ብልሃት ይቺ ናት፣ ከቀመሩም በላይ። ብርቱውን ትቶ የማይናወጠውን መረጠ።

ጥር 1826 ላይ ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው የተለያየ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን ተራ በተራ ሞከረ። 2 ኢንች የሆነው አጭሩ ሽቦ 326¾ ሰጠው፤ 130 ኢንች የሆነው ረጅሙ 48½። ከቁጥሮቹ ያወጣት ቀመር በእኛ ፊደል ስትጻፍ እንዲህ ናት፦ ሀ ÷ (ለ + የሽቦው ርዝመት)። በዚያ ሙከራ ሀ 7285፣ ለ ደግሞ 20¼ ነበሩ። ስልካችሁን አውጡና አስሉት፤ ለ2 ኢንች 327 ገደማ፣ ለ130 ኢንች 48.5 ይመጣል። በሻማ ዘመን፣ በእጅ በተጠመዘዘ ማንጠልጠያ!

አሁን ደግሞ ቁጥሮቹን እንደገና እዩአቸው። ሽቦው 65 እጥፍ ሲረዝም ኤሌክትሪኩ የቀነሰው ወደ ሰባት እጥፍ ብቻ ነው። ለምን 65 አልሆነም? በ«ለ» ምክንያት። «ለ» ከሚሞከረው ሽቦ ውጭ ያለው ሁሉ ነው፦ ቢስመዙ፣ ማያያዣዎቹ፣ መርፌው ጋ የሚያልፈው መስመር። እነሱም ይቃወማሉ፤ 20¼ ኢንች ሽቦ የሚያህል። በኦም ቀመር ውስጥ ሬዚስታንሱ ሁለት ነው፣ የእናንተና የምንጩ። ሦስት ማዕዘኗ ሁለተኛውን ጥላው ነው ክፍል የገባችው።

በ1827 ያወጣው መጽሐፍ በአገሩ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው፤ የኮሎኙን ሥራም ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1841 ኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው። ሲመኘው የኖረው የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ወንበር የደረሰው በ1852 ነው፤ በ1854 ሞተ።

የፓወሩን ግማሽ ያመጣው ሌላ ሰው ነው፤ የእንግሊዛዊ ቢራ ጠማቂ ልጅ፣ ጄምስ ጁል። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ በቴርሞሜትር ለክቶ፣ ሙቀቱ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በሬዚስታንስ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል እንደሚያድግ አሳየ።

ሁለቱን ሰዎች ምጣድ ላይ እናገናኛቸው። 220 ቮልት፣ 3500 ዋት የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 16 አምፒር ይስባል፤ ሬዚስታንሱ 13.8 ኦም ገደማ ነው። ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጋግር ከትራንስፎርመሩ ወደ ቤቶቹ በሚመጣው መስመር ላይ ብዙ ከረንት ይሄዳል። መስመሩም «ለ» አለው፤ ድርሻውን ይወስዳል። ቤታችሁ የደረሰው 180 ቮልት ነው እንበል። 180 በ180 ተባዝቶ ለ13.8 ሲካፈል 2350 ዋት ገደማ ነው። ቮልቴጁ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ ሳይጎድል ምጣዱ ሲሶ ሙቀቱን አጣ፤ የጎደለው 40 ቮልት እየመጣ ሳለ መንገድ ላይ ሽቦ ሲያሞቅ ቀርቷል። እንጀራው ዓይን አላወጣም ተብሎ ሊጡ ይወቀሳል፣ አብሲቱ ይወቀሳል። ጎረቤት ጋግራ ጨርሳ ምጣዷን ስታጠፋ መስመሩ ላይ ያለው ከረንት ይቀንሳል፣ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፣ ከዚያው ቡሃቃ የተቀዳው ሊጥ ዓይን ማውጣት ይጀምራል።