ከበላያችን ያለው ጫካ



ለቅሶ ቤት ድንኳን ስንተክል በትከሻችን የምንሸከመው ቋሚ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ለንፍሮው የሚነደውም እሱው። እንግዲህ የጉለሌ ልጅ ዛፍ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ባሕር ዛፍ ቢሆን አይፈረድበትም። ነገር ግን ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ባሕር ተሻግሮ ከአውስትራልያ የመጣ እንግዳ ነው።

ከሱ በፊት ተራራው የጥድና የወይራ አገር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫቸውን ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ካወረዱ፣ ማለት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ደኑ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። እንጨቱ ከመራቁ የተነሳ በ1890ዎቹ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እዚያ ግንባታ ተጀምሮ ነበር። ከተማችንን ከመሰደድ ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይመለስም። ባሕር ዛፍን ዝም ብለው የሚሰድቡ ሰዎች ስሰማ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። ስንት እናት ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ እያወረደች ልጆች አሳድጋለች!

ይሁን እንጂ ውለታውን በከንቱ አልዋለልንም። ውሃ ይመጥጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደልቡ አይበቅልም። የአገሩ ዛፍ በደህና የተረፈው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ነው።

የጉለሌ እጽዋት ማእከልን የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዓ.ም. ገደማ በጋራ ያቋቋሙት ይህን ለማቃናት ነው። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው፤ በድሮው አለካክ ከ17 ጋሻ ይበልጣል። ባሕር ዛፉ እየተነሳ በቦታው አገር በቀሉ ይተከላል።

በመስከረም ወር ከአንዲት የእድራችን እናትና ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደዚያው ወጥቼ ነበር። እኚህ እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ ጫካው ውስጥ ግን መምህር ሆኑ። ዳማከሴን ቀጥፈው አሽተው አሸተቱን፤ ለምች ነው አሉ። ጥንጁቱንና ወይራውን እያሳዩ የጠላ ጋን አስተጣጠን ነገሩን። ኮሶ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «ይህ ወንዱ ነው፤ የሚጠጣው የሴቷ አበባ ነው» አሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኮሶ ወንድና ሴት እንዳለው አላውቅም ነበር! ኋላ የተማረ ሰው ብጠይቅ እውነት ነው አለኝ። ልጁ ደግሞ በስሙ ያወቀው አደይ አበባን ብቻ ሆነ። ቀጋን እንኳ ከነእሾሁ እየነካ «ይህ ጽጌረዳ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዘመዷ ስለሆነች አልሳቅንበትም።

አያትየው ሲመለሱ እንዲህ አሉኝ፦ «እኛ ስንቀበር ስሙንም ይዘነው ነው የምንቀበረው።» ነገሩ ከነከነኝ።

ስለዚህ ለሥራ አመራሩ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። በሚቀጥለው መስከረም የአባላት ልጆችን ይዘን እንወጣለን። የዛፍና የቅጠል ስም የምታውቁ አባቶችና እናቶች በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ለጸሐፊው ተመዝገቡ። ጉልበታችሁ ዳገቱን አልችል ካለ መኪና እንፈልጋለን።