ከቀላድ እስከ መድን ደብተር

የጎጃም ገበሬ መቆጠር አይወድም ይባላል። ስንት ከብት አለህ ቢሉት «እግዜር ይመስገን፣ አለ» ብሎ ያልፋል እንጂ ቁጥሩን አያወጣም። እኛ ከተሜዎች ይህን ጥርጣሬ ድንቁርና እንለዋለን። እስቲ ታሪኩን እናገላብጥና እውነት ድንቁርና መሆኑን እንይ።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ክፉ አልነበረም፤ ገበሬ ባመረተው መጠን ይክፈል የሚል ነው። ነገር ግን ምርቱን የሚገምተው በመንግሥት የተላከ ገማች ነበር። በጎጃም ደግሞ ርስት በትውልድ የሚገኝ ሲሆን ግብሩም በልማድ ተቆርጦ የቆየ ነው። ገበሬው ግምቱ ወደ ቀላድ፣ ቀላዱም ርስት ወደ መንጠቅ እንዳያመራ ፈራ። ሞጣና ቢቸና፣ እንዲሁም ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚገኙበት ዳሞት ገማች አናስገባም አሉ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ግን ያፈገፈገው መንግሥት ነው። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ልብ በሉ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጥተው ነበር። በደቡቡ ገባር አገር መፈክሩ የሕይወት ጥያቄ ነው። የዳሞት ባለርስት ግን አራሹም ባለመሬቱም ራሱ ነበርና ጥያቄው ሌላ ሆነ። «ትቆጥረኛለህ፤ ምን ልትወስድ ነው?» ነው ያለው። ተማሪውና ገበሬው አንድ መንግሥት ተቃወሙ፤ የተቃወሙበት ምክንያት ግን ለየቅል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቆጣሪው አልቀረም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ዘመን ሹመት የነበራቸው ገበሬዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ይዞታቸው ተቀነሰ። ያኔም መቆጠር ማጣት ነበር። የይዞታ ደብተር መሰጠት የጀመረው ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው። በዚህ ደብተር ላይ ባልና ሚስት በጋራ ተጻፉ፤ ገበሬውም ቆጣሪው አንድ ነገር በእጁ ትቶለት ሲሄድ አየ።

ወደ ጤናው እንምጣ። በገጠር ሕመም ማለት በሬ መሸጥ ማለት ነበር። በሬውን የሸጠ ደግሞ ማረሻ ስለሚያጣ መሬቱን በእኩል ለሌላ ይሰጣል። እድር አለ እንዳትሉ፤ እድር በዋናነት የሚደርሰው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ያን ጊዜ በምዕራብ ጎጃም ዞን የነበረው ደቡብ አቸፈር ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፣ ሲታመም ይታከማል፤ ለድሃ ድሃው ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል። በአራቱም ክልሎች የሙከራ ወረዳዎች በተደረገ ጥናት፣ በ2004 ዓ.ም. ከ100 ቤተሰብ 41 ያህሉ፣ በዓመቱ ደግሞ 48 ያህሉ አባል ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አባላትም ከመቶ 82ቱ ደብተራቸውን አሳደሱ። ይህ ሁሉ በፈቃድ ነበር! መቆጠር አይወድም የተባለው ገበሬ ሚስቱንና ልጆቹን በስም አስመዘገበ። ታዲያ ድንቁርናው የት ሄደ? ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከቆጠራው የሚያገኘው ነው። ለዚህም ነው ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ያጣ እንደሆነ የሚቀየመው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተነሣው ጦርነት መድኃኒት ማድረሱን ይበልጥ አስቸጋሪ አደረገው።

አሁን ደግሞ ያልተቆጠረውን እንይ። ከ1989 ዓ.ም. በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ የገበሬ ልጅ ድልድል አልደረሰውም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ አዋጅም አብዛኛው ባለይዞታ ካልተስማማ ሽግሽግ የለም አለ፤ መሬት የሌለው በዚህ ላይ ድምፅ የለውም። በመድኑ ደብተር ላይ እንኳ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ተጨማሪ መዋጮ የሚጠየቅበት ሰው ነው። ሥራ አጥ ነው እንዳንል፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ወጥቶ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በቆየው ዓለም አቀፍ መመዘኛ በሳምንት አንድ ሰዓት አባቱን ያገዘ ሥራ እንዳለው ይቆጠር ነበር። በመሬት መዝገብ ስሙ የለም፤ በሥራ አጥ መዝገብም ስሙ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ብዙው ተስፋ የተጣለው ለዚህ ወጣት ነበር። ይሁን እንጂ ስንት ወጣት ሥራ ፈልጎ እንደቆመ በውል ሳይታወቅ ስንት ፋብሪካ እንደሚበቃው በምን ይታወቃል?

እንግዲህ ነገ መጠይቅ ይዘን ገጠር የምንወርደው እኛው ነን። የቤቱን አባወራ ጠይቀን፣ በሬና ላም ቆጥረን መመለስ ቀላል ነው። ከጓሮ ቆሞ የሚያየንን የ25 ዓመት ልጅ «አንተስ?» ማለት ግን ግዴታችን ነው። ከጠየቅነው በኋላም፣ በ1960 ዓ.ም. አያቱ ለጠየቁት ጥያቄ መልስ ይዘን መገኘት አለብን፦ ቆጥራችሁ ምን ልታደርጉልን ነው?