በቢራ በርሜል የወጣ ምስጢር

የቀድሞዋ የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በ1586 (እ.ኤ.አ.) በእስር ሳለች በምልክት የተጻፉ ደብዳቤዎቿን በቢራ በርሜል ውታፍ ሸሽጋ ታወጣ ነበር። መንገዱን ያበጀላት ግን የእንግሊዟ ንግሥት የኤልሳቤጥ የስለላ ሹም ዋልሲንግሃም ራሱ ነው። ምልክት ፈቺው ፌሊፕስ ኤልሳቤጥን ሊያስገድል ላሴረው ለባቢንግተን የጻፈችውን አነበበ፤ በግልባጩ ላይ የመስቀያ እንጨት ሣለ፤ አልፎም የስድስቱን ሴረኞች ስም የሚጠይቅ ሐረግ በራሷ ምልክት ጨመረበት። በ1587 አንገቷ ተቀላ።

ያኔ ምልክቱ ደካማ ነበር፣ የዛሬው ጠንካራ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ መንገድ ላይ የተጠለፈ የሲግናል መተግበሪያ መልእክት ያለ ቁልፉ አይነበብም፤ ይህም የጅምላ ጠለፋን በእጅጉ አክብዶታል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ግን ቁልፉን ትቶ ስልኩ ውስጥ ይገባና ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያነባል። የስዊሱ ኩባንያ ክሪፕቶ ኤጂም ከ1970 ጀምሮ በስውር የሲአይኤና የምዕራብ ጀርመን ስለላ ንብረት ሆኖ፣ ማመስጠሪያ መኪናውን ለመንግሥታት ሲቸበችብ ነበር።