ያለ ገብስ መጠንከር፦ የኮልፌ ቀራኒዮ የጉልበት ምግቦች ታሪክ

በኮልፌ ቀራኒዮ ሰው ከስቶ ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ገብስ ነው። አራስ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ከሕመም የተነሣ አጥሚት ይቀርብለታል፣ ሩቅ መንገድ የሚሄድ በሶ ይቋጠርለታል፣ ተማሪ ልጅ ጠዋት ቂንጬ በልቶ ይወጣል። ይህ ልማድ ከአዲስ አበባ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ግን ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ስላለባቸው፣ በገብስና በስንዴ የሚሠሩትን እነዚህን ምግቦች ሁሉ መተው አለበት። በዚያ ላይ ቃር ካለበት ደግሞ ቅቤውም በርበሬውም ያስቸግረዋል። ክብደትንና ጉልበትን በገብስና በቅቤ መመለስ የለመደ ማኅበረሰብ ለእንዲህ ያለው ሰው ምን አለው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው፣ የሰፈሩ እህል ከየት እንደ መጣ ሲታይ ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ የክፍለ ከተማ ቅርጽ የያዘው አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ነው፤ ሰፈሩ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ጣሊያን ከተማዋን በያዘባቸው ዓመታት የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የሚባለው ሲቆም፣ ከጎኑ ያለው ኮልፌ የነጋዴና የጉልበት ሠራተኛ መኖሪያ እየሆነ ሄደ። ምዕራቡ የእህል በርም ነበር። በአስኮና በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታና አምቦ የሚወጣው መንገድ የደጋውን ገብስና ስንዴ ያስገባል። በአየር ጤና በኩል ወደ ሰበታ የሚወርደው የጅማ መንገድ ከበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር የሚታጨደውን ጤፍ ያመጣል፤ ይኸው መንገድ ወልቂጤ ሲደርስ ከጉራጌ የእንሰት አገር ጋር ይገናኛል፣ ቆጮና ቡላም በእሱ በኩል ይገባሉ። ከአገራቸው ወጥተው በኮልፌ የሰፈሩ ጉራጌዎች የእንሰቱን ምግብ ይዘው መጡ። ሦስት የእህል ዓለሞች፣ አንድ ሰፈር።

ከሦስቱ ክብሩ የገብስ ነው፤ ገብስ የእህል ንጉሥ ይባላል። ማዕረጉን ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው እህል በማይደፍረው ብርዳም ደጋ ይበቅላል፤ ቀድሞ ስለሚደርስም ጎተራ በሚራቆትበት የክረምት ማብቂያ እሸቱ ነፍስ ያቆያል። አሠራሩም ለጉልበት የተቀመመ ነው። በሶ ከታመሰ ገብስ ስለሚፈጭ እሳት ሳይፈልግ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ወይም በጨው ተጨብጦ ይበላል፤ ለመንገደኛና ለወታደር ስንቅነት የተመረጠው በዚህ ነው። ጭኮ ደግሞ የገብሱ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚቀመጥ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ አንድ ግራም ስታርች ግን 4 ብቻ ስለሚሰጥ፣ ጥቂት ጉርሻ ጭኮ ከአንድ ሳህን ወጥ የማይተናነስ ኃይል ይይዛል። ይህን የደጋ እናቶች ያለ ሚዛን ያውቁት ነበር።

ስንዴ በደጋው ጥንታዊ ቢሆንም የከተማው ሰው የዕለት ምግብ የሆነው ዘግይቶ ነው። ድፎ ዳቦና አምባሻ የበዓልና የድግስ ነበሩ። ዛሬ የነጭ ስንዴ ዱቄት «ፉርኖ» መባሉ የለውጡን መነሻ ይመሰክራል፤ ቃሉ በጣሊያንኛ ምድጃ ማለት ነው። ፓስታና ማካሮኒም በዚያው በር ገቡ፣ ወራሪው ሲወጣ ግን አብረውት አልወጡም። ከዚያ የእርዳታ ስንዴ ተከተለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ ለሕፃናት ማጠናከሪያ የተዘጋጀው ፋፋ የስንዴ ዱቄትን መሠረት አድርጎ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት የተጨመረበት ነበር። የመንግሥት የማጠንከሪያ ምግብም፣ እንደ እናቶች ገንፎ፣ ግሉተን ካለው እህል ተነሣ ማለት ነው። የኋላ ኋላ ዳቦ የከተማ ኑሮ መለኪያ ሆነ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በቀን 2 ሚሊዮን ዳቦ እንዲጋግር ታስቦ ነበር።

ሴሊያክ የራሱ ታሪክ አለው። የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ጂ በ1888 እ.ኤ.አ. ሆዳቸው ተነፍቶ እግርና ክንዳቸው ስለሚመነምን ሕፃናት ሲጽፍ፣ መድኃኒቱ በምግብ መገኘት እንዳለበት ገምቶ ነበር፤ የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ግን አላወቀም። ያንን የለየው የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። ዲከ ስንዴን መጠርጠር የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሲሆን፣ በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. የረሃብ ክረምት ሆላንድ ዳቦ ያጣችበት ጊዜ ጥርጣሬውን አጠናከረለት። ሌላው ሲከሳ የእሱ ሕሙማን ሕፃናት ሲሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ ሲታመሙ መታየታቸው የሕክምና ታሪክ ከማይረሳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ጥናቱን በ1950 እ.ኤ.አ. አቀረበ።

ከዚያ በኋላ የሕመሙ አካሄድ ተብራራ። በዘር ዝንባሌው ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ በራሱ ትንሹ አንጀት ላይ ይነሣል። ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች ይላጫሉ፤ የተበላው ሳይመጠጥ ያልፋል። የክብደቱ መቀነስም የድካሙም ምንጭ ይኸው ነው። ብረት ስለማይመጠጥ ደም ያንሳል፣ ካልሲየም ስለማይመጠጥ አጥንት ይሳሳል። ሁሉም ሕመምተኛ ግን አይከሳም፤ ብቸኛ ምልክቱ የደም ማነስ የሆነ ወፍራም ሰውም ይገኛል። በኢትዮጵያ ሕመሙን መለየት የሚያስቸግረው መልኩ ለሌሎች ሕመሞች ቅርብ ስለሆነ ነው። ሆድ ሲነፋና ተቅማጥ ሲመላለስ ጃርዲያ ወይም አሜባ ይባላል፤ ሲከሳ ቲቢ ይፈራል፤ ሲያቃጥል ጨጓራ ይባልና ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜም በእርግጥ እነሱው ይሆናሉ። ግሉተን ከተተወ ሴሊያክን የሚለየው የደም ምርመራ ሊሳሳት ስለሚችል፣ ሕመሙን የሚጠረጥር ሰው ከምርመራው በፊት ገብሱንና ስንዴውን በራሱ ፈቃድ መተው የለበትም።

የጤፍ ዓለም አቀፍ ዝና የመጣው በሴሊያክ በኩል ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ተመራማሪዎች ጤፍ ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን እንደሌለው በታወቀ የሕክምና መጽሔት አስነበቡ። በዚያው ዓመት አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የጤፍ ስምምነት ፈረመ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአውሮፓ የፈጠራ መብት ሆኖ ተመዘገበለት። በኢትዮጵያ ቁጣ ያስነሣው ይህ መብት በሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሆላንድ ውስጥ ውድቅ ተደረገ። ለበቾ ገበሬ ነገሩ የሚያስቅ ሳይሆን አይቀርም፤ አያቱ ሲፈጨው የኖረውን ዱቄት ሌላ አገር ያለ ሰው «ፈጠርሁት» ማለቱ ነውና።

ልማዱ እንግዲህ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። በሐበሻ ገበታ የዕለቱ ተራ ምግብ፣ የጤፍ እንጀራ፣ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ደኅና ነው፤ የሚያስፈራው ክብር ያለው የማጠንከሪያው ምግብ ነው። እንጀራ ብቻውን ክብደት ለመመለስ አይበቃም፤ ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆነ ሆድ ቶሎ ይሞላል። ኃይል የሚገኘው ከሚቀርብበት ነገር ነው፤ ከእንቁላል፣ ከሥጋ፣ ከሽሮ፣ ከዘይት። ገንፎውና አጥሚቱ ራሳቸው መቅረት የለባቸውም። የጤፍ አጥሚት አለ፤ የጤፍ ቂጣ ተፈትፍቶ በቅቤ ይበላል። ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ግን በጅማ መንገድ የመጣው ነው። ቡላ ከእንሰት ተጨምቆ የሚደርቅ ስታርች ሲሆን ጉራጌዎች በቅቤ ገንፍተው ለአራስ ያቀርቡታል። ግሉተን የለውም፤ ፕሮቲኑም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ አይብ ወይም ሥጋ አብሮት ይፈልጋል። ክትፎ በቆጮ የሚበላ ሰው ይህን ሚዛን ሳያውቀው ይጠብቃል። ኮልፌ ለገብስ ምትክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም ማለት ይቻላል።

የስም ወጥመድ ግን አለ። አጃ የሚለው ቃል በአንዳንድ አገር ሲናር የሚመስለውን እህል፣ በሌላው የስንዴ ወገን የሆነውን ይጠራል፤ ሁለተኛው ግሉተን አለው፣ የመጀመሪያውም ከስንዴ ጋር ሳይቀላቀል መገኘቱ አስቸጋሪ ነው። ጠላ በገብስ ብቅል ስለሚጠመቅ እንደ ቢራ ሁሉ ይተዋል፤ ከማርና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ይፈቀዳል። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የማይጠፋው ሳምቡሳ የስንዴ ነው። የኦርቶዶክስ ቁርባን ኅብስትም ከስንዴ ነው፤ ይህ ከሐኪም ይልቅ ከንስሐ አባት ጋር የሚነጋገሩበት ነው።

ቃር ሲጨመር ስሌቱ ይከብዳል። የምግብ ቧንቧው ታችኛው በር ሲላላ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ስብ ደግሞ በሩን ያላላል፣ ጨጓራም ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋል። ለክብደት የሚያስፈልገው ቅቤ ለቃር የሚከለከለው ነው፤ ሁለቱን የሚያስታርቀው መጠኑ ነው። ጥቂት ቅቤ በየጊዜው እንጂ አንድ ጊዜ በብዛት አይሆንም። ይህ ከገበታ ልማድ ጋር ይጋጫል። ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዱን ባዶ ያቆያል፤ ቡና በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ማዕድ ይመጣል፣ ጉርሻውም እምቢ አይባልም። ሰፊው ድግስ በማታ ሲሆን እንግዳው ወዲያው ይተኛል። ሐኪም በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ጥቂት በጥቂት መብላትን፣ ከእራት በኋላ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሳይተኙ መቆየትን፣ ራስጌን ከፍ ማድረግን ሲመክር የሚለውጠው ከምግቡ ይልቅ የገበታውን ሥርዓት ነው። የታመመን ሰው ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከጾም ታሳርፈዋለች።

ልማዱ ግን ለቃርም የሚሆን ነገር አስቀምጧል። የሱፍና የተልባ ፍትፍት በጾም ይበላል፤ ዘይታቸው ጉልበት ይሰጣል፣ በርበሬ ሳይገባባቸውም ይጣፍጣሉ። የተልባ ሙጫ ልስልስ ስለሚያደርግ ጨጓራ አለብኝ የሚል ሰው መጠጣቱን ለምዷል። የኮመጠጠ እንጀራ የሚያቃጥለው፣ ሊጡ ሳይቆይ የሚጋገረው አፍለኛ ይቀለዋል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለዓመታት መዋጥ ግን ለሴሊያክ ሕመምተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አሲድ ሲቀንስ ቀድሞ ያነሰው ብረት መመጠጡ ይባስ ይቀንሳል።

ቀሪው ችግር የወፍጮ ቤቱ ነው። በእጅ ወፍጮ ዘመን እያንዳንዷ ቤት በራሷ መጅ ትፈጭ ነበር። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ድካሙ ቀረ፣ ዱቄቱ ግን ተጋራ። አንድ ድንጋይ ጠዋት ስንዴ፣ ረፋድ ላይ የበሶ ገብስ፣ ከሰዓት ጤፍ ይፈጫል፤ በድንጋዩና በማውረጃው የቀረው ቀጣዩ ሰው ከረጢት ውስጥ ይገባል። ለሌላው ሰው ጥቂት ብናኝ ምንም አይደለም፣ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ግን አንጀቱ እንዳይሽር ለማድረግ ይበቃል። የጤፍ ዋጋ መናርም ነገሩን አባብሶታል፤ በኩንታል ከ10,000 ብር ሲያልፍ በየምግብ ቤቱ እንጀራ ውስጥ ሩዝ፣ በቆሎ፣ አንዳንዴም ገብስና ስንዴ መቀላቀል የተለመደ ሆነ። ስለዚህ ሕመሙ የተረጋገጠለት ቤተሰብ ጤፉን በእህሉ ይገዛል፣ አበጥሮና ነፍቶ ባዕድ ፍሬ ይለቅማል፣ ወፍጮውም ስንዴ ከፈጨ በኋላ ሳይሆን ጤፍ ሲፈጭ ከዋለ በኋላ ተራ ይይዛል፤ እርሾውንም ከጎረቤት አይበደርም።